በማኅሌት ፈንታ የተሰጠ መልስ

ውድ አንዳርጋቸው፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ስለሆነ ነው። የላክሃቸው ሽማግሌዎች የልጄን መልስ በቃል አድርሰውልሃል። እኔ የምጽፍልህ በሰው አፍ የማልልከውን ነው።

ማኅሌትን ፔዳ ካለው ቤታችሁ ይዘሃት የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሁለት ዓመት አለፈው። እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ። የንስሐ አባትህን ጨምረህ ስድስት ሰው አስከትለህ ቤቴ ተቀመጥህ። ሽንቷ ደም እንደሚቀላቅል፣ እንደሚያቃጥላት፣ አራት ጊዜ መድኃኒት ወስዳ አለመዳኗን ዘረዘርህ። ቀጥለህም ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «ይህ በሽታ ከየት ይመጣል? ጨዋ ሴት እንዲህ ያለው አያገኛትም» አልህ። ከዚያ በኋላ መንደሩ የጨመረበትን አንተም ሰምተሃል።

ያን ቀን ግን የምታውቀው ነገር ነበር። ልጃችሁ ሊድያ በተወለደች በሁለተኛው ወር ማኅሌት ለወሊድ መከላከያ ማህፀኗ ውስጥ ሉፕ ስታስገባ ክሊኒክ ደጃፍ ያደረስሃት አንተ ነህ። ከዓመት በኋላ የሉፑ መፈተሻ ክር ሲጠፋና ነርሷ «ወድቆ ይሆናል» ስትላትም አብረህ ሰምተሃል። ለምን አልተናገርህም? መከላከያ እንጠቀማለን ብሎ በንስሐ አባትህ ፊት መናገር አሳፈረህ። የራስህን ስም ለማዳን የእርሷን ስም ለስድስት ሰው ሰጠህ።

ሉፕ ክፉ ነው እያልሁህ አይደለም። ብዙ ሴት በሰላም ትጠቀምበታለች። ያወጣችላት ዶክተር ሔራን የልጄ ዓይነቱ እጅግ ብርቅ እንደሆነ ነግራኛለች። ነገር ግን ክሩ ሲጠፋ ወድቋል ተብሎ አይተውም፤ በአልትራሳውንድ፣ እዚያ ካልታየም በራጅ ይፈለጋል። አልወደቀም ነበር። የማህፀኗን ግድግዳ ሰርስሮ የሽንት ፊኛዋ ውስጥ ገብቷል። እዚያው ጠጠር ለብሶ የርግብ እንቁላል አክሏል። አንተ ነውር ያልኸው ይህን ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን ስማ።

አርባ ዓመት የጀልባ ሞተር ስጠግን ኖሬያለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የዘጌ ጀልባ ሞተሩ እያሳለ ሲመጣ፣ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ነጂውን እጠይቀዋለሁ። ሞተሩን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቀው የለምና። ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ አንተ ጥለሃት በሄድህ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ዘንድ የወሰድኋት። አባት እያለ ልጅ ለሐኪም ብቻዋን አትተውም ብዬ አብሬ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሐኪሙ ወጣት ነበር። «የወሊድ መከላከያ ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

እኔ ቀደምሁ። «የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም» አልሁት።

ማኅሌት አየችኝ። አባቷን በሰው ፊት ውሸታም ልታደርገው አልቻለችም፤ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ «የለም» ብሎ ጻፈ። ወደ ሌላ ሐኪም ስትላክም ያው ወረቀት ተከተላት። ሁለት ዓመት የተሠቃየችው በዚያች ቃል ነው።

ልረግምህ በተነሣሁ ቁጥር አፌን የሚይዘኝ ይህ ነው። ግን አትደሰት፤ የእኔ ጥፋት የአንተን አያቀለውም።

ባለፈው የካቲት ዶክተር ሔራን ዘንድ ገባን። «አባት፣ ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ።

«ልጄ ናት» አልሁ።

«እኮ፣ ለዚያ ነው» ብላ በሩን ከፈተችልኝ። በዕድሜዬ ከየትም ቢሮ ማንም አስወጥቶኝ አያውቅም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስንጨረጨር ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማኅሌት ስለ ሉፑ ተናግራ የራጅ ማዘዣ ይዛ ወጣች። ራጁ ያለበትን አሳየ፤ በሳምንቱ በሽንት ቧንቧዋ ካሜራ አስገብተው ጠጠሩን ሰባብረው ሉፑን አወጡት። ሩብ ሰዓት ነበር የጎደላት፣ አንዳርጋቸው።

ትናንት ሽማግሌዎችህ «ተጸጽቷል፣ ሚስቱን ይፈልጋል» ሲሉኝ ማኅሌትን አስፈቅጄ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዝሁላቸው።

«ይህች መስቀል የምትመስለው ምንድን ናት?» አሉ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን።

«መስቀል አይደለችም፤ ሉፕ ናት።»

«አንዳርጋቸው ያውቅ ነበር?»

«ክሊኒክ ያደረሳት እርሱ ነው።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። አቶ ቢያዝን ደግሞ፣ «እኛማ ለበሽታው ስም አውጥተንለት ነበር፤ ክርስትና ማንሣት ነው የቀረን» አሉ።

«እንግዲህ ምን እንበለው?» ብለው ሲጠይቁኝ አፌን ከፈትሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ከጠየቀ ትመለሳለች ልል ነበር። ማኅሌት ተነሣች። «አባባ፣ የሚመለከተኝ እኔን ነው» አለችኝና ወደ እነርሱ ዞረች። «አልመለስም። ሊድያን ማየት ከፈለገ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ።» አልደገመችውም።

ከእኔ የሚመጣብህ ሌላ ነው። በመጪው እሑድ እነዚያኑ ስድስት ሰዎች ቤቴ ጥራቸው። የደበቅኸውን በገዛ አንደበትህ ትነግራቸዋለህ። እምቢ ካልህ በየደጃቸው ሄጄ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ማኅሌትም «ይወቁት» ብላለች። ጉልበቴ ገና ነው። ከመጣህ ደግሞ፣ አንተ ተናግረህ ስትቀመጥ እኔ እነሣለሁ። በሐኪሙ ፊት የመለስሁትን ሳላስቀር እናገራለሁ።

ያን ዕለት ማኅሌት ቤት አትገኝም። ከሊድያ ጋር ሐይቁ ዳር ልሂድ ብላለች።

አምባቸው ይትባረክ
ባሕር ዳር፣ ሰኔ