ሰሊጡ ሳይመዘን አልነሣም

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ ጥዋት

ሱቅ ከፈትኩ። ስኳር አልቋል፤ ከገንዳ ውሃ ከተማ መምጣት አለበት። አጨዳ ስለሆነ መተማ ደርታለች፣ አልሃምዱሊላህ።

ከሆስፒታሉ ተደወለ። ክልሉ ወደፊት የትኛውን በሽታ እንደሚያስጠና ለመምረጥ ታማሚና ባለሙያ አብሮ ሊቀመጥ ነው። እኔ የካላዛር ታማሚዎች ተወካይ። ሳቄ መጣ። መርፌ ተወግቶ መዳንም ለካ ሹመት ያመጣል!

ግን እሄዳለሁ፣ ማስታወሻዬ። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እህቴ ዘይነብ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ሲሏት ከርማ ነው የሞተችው። ሆዷ እያበጠ፣ ሰውነቷ እያለቀ። ካላዛር፣ ይህ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚያመጣው፣ የሳሉግ በሽታ ነው ይባላል፤ በረሃ ወርዶ ሰሊጥ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛ እንጂ ሱቅ የምትውል ሴት ትያዛለች ብሎ ማን ጠረጠረ? እኔን ሲያመኝ መርምሩኝ ብዬ ጮህኩ፤ በእሷ ሞት ተረፍኩ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሴት ላይ ካላዛር ለምን ዘግይቶ ይታወቃል? ይጠና። ሳላስገባው ወላሂ አልመለስም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፣ 7 ሰዓት፣ ገንዳ ውሃ

የአዳራሹ ሙቀት አይጣል ነው። ሰብሳቢው ዶ/ር ደግ ሰው ናቸው፤ አንቱ እያሉኝ ያለዕድሜዬ አሮጊት አደረጉኝ። ከጎኔ ሰይድ። ከወሎ ለአጨዳ የሚመጣ ሳሉግ፤ ካላዛር ታክሞ ድኖ እንደገና ያገረሸበት። ሰውነቱ ከስቷል፣ ቀልዱ ግን እንዳለ ነው። እትየ ሐሊማ እያለ ያስቀኛል።

ጥዋት ታማሚዎች ተናገርን። ዘይነብን ሳነሣ አንዷ ነርስ አለቀሰች። ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ጉዱ ገና ነው ለካ! ከምሳ በኋላ ታማሚዎች አበላችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ፣ ምርጫውን ባለሙያ ይጨርሰዋል ተባለ። ሰይድ ብድግ ሲል ፎጣውን ያዝኩት። ተቀመጥ!

ዶ/ሩን፣ «ሰሊጡን ሚዛን ላይ ትቶ ቤቱ የሚገባ ባለሰሊጥ አይተው ያውቃሉ? እስኪመዘን አጠገቡ ይቆማል» አልኳቸው። ሳቁ። ቆይተው መሳቁን ተዉት። አሁን ከባለሙያዎቹ ጋር እየተነጋገሩ ነው። እኔ ከነወንበሬ ካላወጡኝ አልነሣም።

ያው ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

አስቀሩን! ታማሚውም ባለሙያውም እኩል ድምፅ።

ወደ ክልል የሚሄደው ሦስት ጥያቄ ነው። የሚያገረሽ ካላዛር አለፈ፤ የሰይድ ነው። የእባብ ንድፊያ አለፈ። ለሦስተኛው የኔ ጥያቄና የእርሻ ካምፕ አጎበር እኩል ወጡ። እጁን ያላወጣ ሰይድ ብቻ። ለአጎበሩ ሊያወጣ ነው አልኩ። ጓደኞቹ ያለ አጎበር ሜዳ ላይ እያደሩ እንዴት ልፍረድበት?

ብድግ ብሎ ተናገረ። በካምፓቸው ምግብ የምታበስል ተዋበች የምትባል ሴት አለች። ክረምቱን ሙሉ ወባ ነው እየተባለች ኪኒን ስትውጥ ከረመች። ሆዷ አብጧል። አርግዛ ነው እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሱም አብሮ ሲቀልድ ነበር። አንገቱን ደፍቶ እጁን ለኔ አወጣ።

አለፈ! ዶ/ሩ እንኳን ደስ አለዎት አሉኝ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ኮራሁ፣ ምን ይደበቃል። ግን የዚያች ሴት ሆድ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ጥናቱ መቼ ይጀመራል ብዬ ጠየቅሁ። በጀቱ፣ ፈቃዱ፣ ጊዜ ይወስዳል። እውነታቸውን ነው። እሷን ግን ካመጣችኋት በመጣችበት ቀን እመረምራታለሁ ብለው ቃል ገቡልኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፣ ጥዋት 12 ሰዓት፣ መተማ

ጥናቱ ይምጣ፣ እስኪመዘን ቆሜ እጠብቃለሁ። ተዋበች ግን ጥናት አትጠብቅም።

ሱቁ ዛሬ አይከፈትም። በአጨዳ ሰሞን ሱቅ የምትዘጋ እብድ ይበሉኝ። ጎረቤቴ አይሱዙውን ሰጥቶናል፤ ሰይድ ወደ ካምፑ መንገዱን ያሳያል። በረሃው ኮረኮንች ነው፣ የታመመ ሰው ያንገላታል። ስለዚህ የመኪናው ጭነት ቦታ ላይ ፍራሽ ዘርግቻለሁ። የዘይነብን። ማንም እንዳይተኛበት ጠቅልዬ ያኖርኩትን።

ክላክስ እየነፉልኝ ነው። መጣሁ እያልኳቸው ነው፣ በቃ ሄድኩ።