በርኖሱ የደረሰላቸው ወንጌላዊ ማኑሄ ኤርሲዶ (1942–2018 ዓ.ም.)

ወንጌላዊ ማኑሄ ኤርሲዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሲዶ ሄላሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለሚቱ ሎምቤ፣ በከምባታ፣ ከዱራሜ ከተማ ራቅ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። በሕይወታቸው ሁለት እናት ነበሯቸው፤ የሁለተኛዋ ነገር በቦታው ይመጣል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያቸው በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። በ1957 ዓ.ም. አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋቸው መርካቶ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠሩ። ቁልፍ ከመትከል ጀምረው ሙሉ ልብስ እስከ መስፋት ደረሱ፤ ማታ ማታም ተምረው ስምንተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በ1963 ዓ.ም. መካኒሳ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ አንዲት የስፌት መኪና ይዘው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ።

በዚያው ዘመን ሕይወታቸውን ለጌታ ሰጥተው በመካኒሳና በአካባቢው ወንጌልን ማገልገል ያዙ። ወንጌላዊ የሚለውን ስም ምእመናን ያወጡላቸው ደመወዝ ሳይኖራቸው ነው፤ እንጀራቸው ከመርፌ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ እንደነበረ ሲነገራቸው፣ “የእሱን ድንኳን እንጃ፣ የእኔ የእድር ነው” ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ እድር ድንኳኑ በተቀደደ ቁጥር የሚያሰፋው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ጴንጤ በመሆናቸው ግን እድርተኛ አያደርጋቸውም። ድንኳኑን ይሰፋሉ፣ ለእሳቸው ግን አይተከልም። ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ እኛ ልጆቻቸው ግን አያስቀንም ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውዳሴ ጌታሁን ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ። በ1970 ዓ.ም. ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩትን የበኩር ልጃቸውን ቤተልሄምን ወለዱ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አፀደ ነበሩ። ወይዘሮ አፀደ ባለቤታቸው አቶ ማናዬ የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸውን ገሠሠን የሚያሳድጉ፣ መካኒሳ አቦን የሚሳለሙ፣ ጾም የማይስቱ ሴት ነበሩ። ከአባታችን ጋር አይስማሙም ነበር። በግድግዳው ማዶ ዝማሬና ጸሎት በተነሣ ቁጥር ዘነዘና አንሥተው ግድግዳውን ይደበድቡ ነበር። “ጌታችሁ ጆሮ የለውም እንዴ? ቀስ ብትሉት አይሰማም?” ማለታቸውን እናታችን እስከ ዛሬ ትናገራለች።

ታኅሣሥ 1971 ዓ.ም. የጸሎት ቤታቸው ታሸገ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ “ከሁሉም በላይ አብዮቱ” በል ሲባሉ እምቢ በማለታቸው ታሰሩ። ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛወሩ። መጀመሪያ ላይ ስንቅ የምታመላልሰው እናታችን ነበረች። በኋላ የሚኖሩበትን የቀበሌ ቤት ስትቀማ እኔን አዝላ ከምባታ ወደ አማቶቿ ሄደች። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞችም ገሚሱ ታስሯል፣ ገሚሱ ተደብቋል። በዚያ ዘመን ስንቅ ይዞ በእስር ቤት በር መታየት ራስን እንደ ማስመዝገብ ነበርና ማንንም አንወቅስም። አባታችን ከሌሎች እስረኞች ሳህን እየቆረሱ ሰነበቱ።

በ1973 ዓ.ም. ክረምት ሲሚንቶ ላይ ተኝተው ሳንባቸው ታመመ። የእስር ቤቱ ካድሬ በየሳምንቱ እየጠራ አንድ ነገር ይላቸዋል፤ ለሕዝቡ ተሳስቼ ነበር በል፣ ወደ ልጅህ ሂድ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ማለዳ አባታችን “ነገ እላለሁ” ብለው መለሱ። ይህ እንዲቀር የሚፈልጉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ሳይደብቁ ሲናገሩት ስለኖሩ እኛም አንደብቀውም። ነገ እላለሁ ብለው ነበር። ደክሟቸው ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰው ሁሉ የረሳቸው መስሏቸው ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠባቂው ስማቸውን ጠርቶ “እናትህ መጥታለች” አላቸው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ያኔ ዱራሜን አልፈው አያውቁም፤ አማርኛም አይሰሙም። አባታችን የተሳሳተ ሰው ተጠራ ብለው አሰቡ። ጠባቂው ሽሮ ያለበት ሳህንና የተጠቀለለ ጥቁር ልብስ አቀበላቸው። ሲፈቱት በርኖስ ነው። አንገትጌውን ሲያገላብጡ የገዛ እጃቸውን ስፌት አወቁት፤ አቶ ማናዬ በሕይወት ሳሉ አምጥተው ያስጠገኑት በርኖስ ነበር። የመጡት እናት ወይዘሮ አፀደ ናቸው ማለት ነው።

በበሩ የሆነውን ኋላ ከራሳቸው ከወይዘሮ አፀደ ሰምተናል። ስንቅ የሚገባው ከቤተሰብ ብቻ ነበርና “ምኑ ነሽ?” ተባሉ። “እናቱ ነኝ” አሉ። ዕድሜያቸው ከአባታችን ቢበልጥ በዐሥር ዓመት ነው። ጠባቂው በርኖሱን አይቶ ይህ የፊውዳል ልብስ አይደለም ወይ ቢላቸው፣ “ብርድ መደብ አይለይም ልጄ” ብለው አሳለፉት። በርኖስ ከሣጥን ማውጣት በራሱ በሚያስጠይቅበት ጊዜ ነው ይህን ያደረጉት። ለምን እንደ መጡ ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ “ሲጮሁ እንቅልፍ ነሱኝ፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ባሰብኝ።”

በማግስቱ አባታችን ካድሬው ፊት ቀርበው ትናንት ያሉትን እንደማይሉ ተናገሩ። “እናት አገኘሁ ብዬ አባቴን ልካድ?” አሉ። በዚያ ቀን የደረሰባቸውን ዘርዝረው አያውቁም፤ ቀኝ እግራቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያነክስ ግን ሁላችሁም አይታችኋል።

ወይዘሮ አፀደ ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስንቅ አላስቀሩም። በጾም ወራት ቅቤ የነካ ነገር ልከው አያውቁም፤ ጴንጤ ብትሆን በእኔ ሳህን ጾም አትሽርም ብለው ስለላኩባቸው፣ አባታችን ሁዳዴውንም ፍልሰታውንም ከብዙ ዲያቆን ይልቅ ጾመው ወጡ። በበሩ ላይ እናቱ ነኝ ማለታቸው ግን ሕሊናቸውን ስለቆረቆራቸው ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ። ስግደት ታዘዘላቸው። ሰገዱ። በሳምንቱ ደግሞ ሄደው እናቱ ነኝ አሉ። እንዲህ እየዋሹና እየሰገዱ ከረሙ። በመጨረሻ ካህኑም ታክቷቸው፣ “እንግዲያው እናቱ ሁኚና ውሸቱ ይቅር” አሏቸው።

አባታችን መስከረም 1977 ዓ.ም. ሲፈቱ መጀመሪያ የገቡት ወይዘሮ አፀደ ቤት ነው። ጉልበታቸውን ስመው “እማዬ” አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም። እናታችንና እኔም ከከምባታ ተመለስን፤ በ1979 ዓ.ም. ጸጋአብ፣ በ1983 ዓ.ም. ሚካል ተወለዱ።

የጸሎት ቤታቸው ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲከፈት በሙሉ ጊዜ አገልጋይነት ተሾሙ። እስከ 2010 ዓ.ም. አገለገሉ። ወንጌላዊ ማኑሄ አንድ ስብከት ብቻ ነው ያላቸው እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ ቀልዱ ከእውነት አይርቅም። ከየት ቢነሡ የሚያርፉት ጳውሎስ በሮም እስር ቤት ላይ ነው። በሰንሰለት ከወታደር ጋር ታስሮ የኖረውን፣ መጀመሪያ ለፍርድ ሲቆም አንድ ሰው እንኳ አብሮት አለመቆሙን፣ እያረጀም ሩጫውን አለማቋረጡን ይተርኩና በርኖሱ ላይ ይቆማሉ። ያ ሁሉ ታምራት የተደረገበት ሐዋርያ በመጨረሻ ለልጁ ለጢሞቴዎስ የላከው መልእክት ከክረምት በፊት በርኖሴን ይዘህልኝ ና የሚል ነው። “የጸና ሰውም ይበርደዋል” ይሉ ነበር። ከዚያ “ደረሰለት ይሆን?” ብለው ዝም ይላሉ። በርኖሱ መድረሱ አልተጻፈምና። ዝምታቸው ሲረዝም ወጣቶቹ ይሳሳቁ ነበር። አሁን የአንዳንዶቹ ፀጉር ሸብቷል፤ እስር ቤትና ሆስፒታል የሚጠይቁ እነሱ ናቸው።

እድሩም በ1986 ዓ.ም. በሩን ከፈተላቸው። ያለ ነገር አልተከፈተም፤ ወይዘሮ አፀደ በጠቅላላ ጉባኤው ተነሥተው “ልጄ ካልገባ እኔንም ሰርዙኝ” በማለታቸው ነው። በ1994 ዓ.ም. ወይዘሮ አፀደ ሲያርፉ አቶ ገሠሠ አባታችንን በድንኳኑ ውስጥ ከልጅ ተርታ አስቀመጧቸው። ለቀስተኛው ጴንጤውን በዚያ ቦታ ሲያይ ግራ ቢገባውም፣ ሁለቱንም እናታችሁን ነፍስ ይማር እያለ አለፈ። በተዝካሩ ቀን አባታችን እንደ እምነታቸው ከድግሱ አልቀመሱም፤ ግን ከጧት ጀምረው እንግዳ እጅ ሲያስታጥቡ ዋሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስለዚህ ጠርተው ሲጠይቋቸው፣ እናቴ ናት አሉ፤ ሌላ መልስ አልሰጡም።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ኖሩ። ዐሥር ጊዜ እያረፉ አራተኛ ፎቅ ይወጡ ነበር፤ በየማረፊያው የሚያጫውቱት ጎረቤት ስለማያጡ የቸኮለ ሰው አብሯቸው አይወጣም። ያ ክረምት የጎዳው ሳንባቸው ከሁለት ዓመት ወዲህ ከአልጋ አዋላቸው። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው፣ በርኖሱን እንደ ተከናነቡ ወደ ጌታቸው ሄደዋል።

ከማረፋቸው በፊት ሁለት ነገር አዘዙን። አንደኛው፣ በሕይወት ታሪኬ ላይ ማኑሄ ጸና ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ የሚል ነው። ልንጽፍ ፈልገን ነበር፤ ልጅ ነንና ስለ አባታችን እንዲያ ቢባልልን ደስ ይለናል። ትእዛዛቸው ግን በለጠብን። ስለዚህ እሳቸው እንዳሉት ጽፈናል፤ እማዬ አፀደ መጣች። ሁለተኛው፣ በርኖሱ ለባለቤቱ ይመለስ የሚል ነው። እሱንም ፈጽመናል። ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከልጆች ተርታ፣ ከጸጋአብ አጠገብ የቆሙት፣ በርኖሱን የለበሱት ሰው አቶ ገሠሠ ማናዬ ናቸው።

ወንጌላዊ ማኑሄ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውዳሴ ጌታሁንን፣ ልጆቻቸውን ቤተልሄምን፣ ጸጋአብንና ሚካልን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ገሠሠ ማናዬን በሞት ተለይተዋል። የከምባታው ኤርሲዶና የመካኒሳው ማናዬ ልጆች እንዴት ወንድማማች ሆኑ የሚል ካለ፣ እናታቸው በእስር ቤት በር ላይ መስክረዋል።

አቶ ገሠሠ ነፍሱን ይማርልን ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ጌታ ያጽናናን እንላለን። አባታችን ለሁለቱም አሜን ባሉ ነበር። ለክረምታቸው በርኖስ የላከ አምላክ፣ ብርድ በሌለበት ቤቱ ይቀበላቸው። አሜን።