አባዬ የገዛት ያልተወለደች ቡችላ

ይድረስ በኒውዚላንድ በግ ለሚሸልተው ወንድሜ ለጌቲን፤

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለወገብህም ሰላም ይሁንለት። ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው የነገርከን የእጅ አንጓህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ዛሬም በጨርቅ ጠቅልለህ ነው የምትሸልተው? እንቅልፍስ ታገኛለህ? ምግቡስ ይስማማሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡም ደህና ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ቀርቶብን አያውቅም።

ደብዳቤ ማየትህ ሳያስደነግጥህ አይቀርም። የሞተ ሰው የለም። በስልክ ያልነገርኩህ አባዬ "ይህን ነገር ለጌቲን በስልክ ትተነፍሺና ወዮልሽ" ስላለኝ ነው። ስለ ወረቀት ያለው ነገር የለም።

ፍሎስ በሚያዝያ መሞቷን ታውቃለህ። አባዬ ያን ጊዜ "ውሻ ነች፤ ውሻ ይሞታል" ብሎ ቀበራትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ችግሩ የመጣው በመስከረም ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ውሻ ውሻውን ይዞ በጎቹን ከተራራው ለማውረድ ሲሰበሰብ። አባዬ ከዘራውን ብቻ ይዞ ቀረበ። ጎረቤታችን ቱዱርም እንደ ልማዱ ቀልዶ "ኤምረስ፣ አንተ ዘንድሮ የበረቱን በር ያዝልን" አለው። በር መያዝ የማን ሥራ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ የልጆችና የከተማ እንግዶች ነው። አባዬም በሩን ያዘ። ራት ላይ ግን "ውሻ የሌለው ሰው በግ ምን ያደርግለታል? ብርዱ ሲያልፍ መንጋውን እሸጣለሁ" አለ። በጎቻችን ያለ አጥር የተራራውን ወሰን ከእናት ከእናታቸው የተማሩ ናቸው። አንዴ ከሄዱ ሌላ በግ ገዝቶ መተካት እንደማይቻል ላንተ አልነግርህም።

በጥቅምት መጀመሪያ በማኅበራዊ ሚዲያ፣ የእረኛ ውሻ ወዳጆች በሚሰባሰቡበት አንድ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አየ። በስኮትላንድ የምትኖር ባልቴት ባሏ ስለሞተባት ቡችሎች ትሸጣለች ይላል። የከተማ ሰው ቡችላ በመልኳ ሲገዛ አባዬ ስንት ዓመት ሲስቅበት እንደኖረ ታውቃለህ። "ቡችላ አይታይም፤ የምትታየው እናቷ ናት፣ ስትሠራ" የሚለው ቃሉ ጸሎት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሌቦቹም ይህን ያወቁ ይመስል ቡችሎቹን ትተው እናቲቱን ነው ያሳዩት፤ ሙዚቃ የተለጠፈበት አጭር ቪዲዮ፣ አንዲት ውሻ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በጎቹን ከቁልቁለቱ ስትሰበስብ። አባዬ ሦስት ጊዜ አየውና "አንቺ ሜረሪድ፣ ይቺ እኮ ቁርጥ ፍሎስን ናት! የእህቷ ዘር መሆን አለባት" አለኝ። ፊቱ ሲበራ ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው።

ቀብድ ላከ። ቀጥሎ የክትባት፣ ቀጥሎ የማጓጓዣ ተባለ፤ ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። "ቡችላዋን አሁን በስልክ ቪዲዮ አሳዪኝ" ሲላት "ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም" አለችው። እኛም ተራራ ላይ ስለሌለ አመናት። "እንግዲያው መጥቼ ልውሰዳት" ሲላት ደግሞ በአካባቢው የከብት በሽታ ገብቶ እርሻዋ ሰው እንደማያስገባ ነገረችው። ይህንንም አመነ፤ በልጅነታችን በእንዲህ ያለ በሽታ መንገዱ ሁሉ የተዘጋበትን ያን ዓመት አይቶታላ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ቡችላዋ ትደርሳለች በተባለበት ቅዳሜ፣ አውራ ጎዳናው ዳር የከብት መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ሄዶ፣ ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ መልእክት መጣ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ተይዟል፣ ማሞቂያ ያለው ሳጥን ካልተገዛላት ቡችላዋ አታልፍም ይላል። አባዬ የነቃው ያኔ ነው። ቤት ገብቶ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና "ማሞቂያ! ለእረኛ ውሻ ማሞቂያ! ይቺ ሴትዮ በሕይወቷ ውሻ አይታ አታውቅም!" አለ። ከመሰረቁ ይልቅ ያናደደው ይሄ ነው።

እኔ ቪዲዮውን ከፍቼ ቀስ እያልኩ አየሁት። መጨረሻው ላይ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር፣ አንድ አረንጓዴ ነገር ጫፉ ይታያል። የእማዬ የመታጠቢያ ገንዳ ነው፤ ቤቱ ሲታደስ አንተና አባዬ ተራራው ላይ ጎትታችሁ የበግ ማጠጫ ያደረጋችሁት። አባዬ ያላየው ውሻዋን ብቻ ስለሚያይ ነው። ውሻዋ ፍሎስን የምትመስል አይደለችም፤ ራሷ ፍሎስ ናት። ከመሄድህ በፊት ቀርጸህ ገጽህ ላይ የለጠፍከውን ወስደው፣ አባዬ እሷን የሚያዝበት ፉጨት እንዳይሰማ ሙዚቃ ጨምረውበት ነው። ለአባዬ አሳየሁት። ከመጀመሪያው ጀምሮ አየውና "እዚህ ጋ ፉጨቴ ዘግይቷል፤ እሷ ግን አልተሳሳተችም" ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

ለፖሊስም ለባንኩም አመለከትን። ፖሊሷ በዚሁ ቪዲዮ የተታለሉ ሌሎች አራት ሰዎች እንዳሉ ነገረችን። ቡችላና እናቷን አንድ ላይ በዓይንህ ሳታይ ሳንቲም አትላክ፣ የሚያቻኩልህን ሻጭ ተወው፣ ምስሉም ሌላ ቦታ ወጥቶ እንደሆነ ፈልግ ብላ መከረችው። አባዬ "ይህንንማ ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ" አለና ሻይዋን ሳትጨርስ ጥሏት ወደ በረት ወጣ። አንተም ቪዲዮውን አታጥፋው። ስምህንና "የሚሸጥ ቡችላ የለም" የሚል ጽሑፍ መሐሉ ላይ ጻፍበት።

አሁን የጎረቤታችን የማርጌድ ውሻ ስድስት ወልዳለች። አባዬ ሁለት ሳምንት አልሄድም ብሎ ሲኩራራ ከርሞ ባለፈው እሑድ ሄደ። ዝናብ እየወረደበት እናቲቱ ስትሠራ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ አየ። ከዚያ አንዷን ቡችላ አነሳ፣ አፏን ከፍቶ አየ፣ መልሶ አስቀመጣት። "ይቺ ብቻዋን በግ እስክትሰበስብ ሁለት ዓመት ነው። እኔ ሰባ ስድስቴን ይዣለሁ። ለማን ብዬ?" አለ። ማርጌድ እስከ ገና ትይዝለታለች።

ለመጻፍ የተነሳሁበት ነገር ግን ይህ ነው። ባንኩ የተጻጻፉትን ሁሉ በወረቀት አትማችሁ አምጡ ስላለ ያተምኩት እኔ ነኝ፤ አነበብኩትም። ሌባዋ በየቀኑ "ጉልበትህ እንዴት ዋለ?" ትለዋለች። እሱም ይመልስላታል። አንድ ቤት ውስጥ አብሬው እየኖርኩ ለእኔ ያልነገረኝን ነግሯታል፤ አነበብኩና ቀናሁ፣ በሌባ ቀናሁ። አንድ ቀን በዚህ ዕድሜህ በግ ማርባት ለምንህ ነው ብላ ጠየቀችው። እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ "ልጄ ሩቅ አገር ነው። ሲመጣ ባዶ ተራራ እንዳያገኝ ብዬ ነው።"

ና አልልህም። እዚያ ስላገኘሃት ልጅ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የምትመጣ ከሆነ ግን መቼ እንደሆነ ንገረው፤ የማትመጣም ከሆነ እሱንም ንገረው። ከገና በፊት ከራስህ አፍ ይስማው።

ባለቤቴ ኢቫን እጅ ይነሳሃል፤ መቀሶችህን አልነካሁም ይልሃል፣ ነክቷል። ኤልሪ ሁለት የፊት ጥርሶቿ መውለቃቸውን ለአጎቴ ጻፊልኝ ብላለች። ማርጌድም ሰላም ብላሃለች። ስሟን ገና ላልነገርከኝ ልጅ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ከአባዬ ሰላምታ የለኝም፤ መጻፌን አያውቅም። ብትደውል ግን ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው።

እህትህ ሜረሪድ
ብላይን ናንት፣ ዌልስ
እሑድ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2024