የድመቷ ሴትዮ ልጅ

ላሊበላ፣ የካቲት 16 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓይናዲስ፤

ዓለሜ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ሳል ለቀቀሽ? እኔ ጉልበቴ ዳገት ላይ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ፤ በአማኑኤል ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ።

ስልክ እያለ ምን አስጻፋት ትይ ይሆናል። ከገና ወዲህ ስደውልልሽ አይነሣም። አንድ ጊዜ ተነሣና ማንም ሳይናገር ተዘጋ። ደግሞም የምነግርሽ ነገር ስልክ ላይ የሚባል አይደለም፤ ስልክ መሀል ላይ ይቋረጣል። ይህን ወይ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ ወይ ትቀጂዋለሽ፣ እሱ የአንቺ ፈንታ ነው። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ነውና ፊደል ብገድፍ አትሳቂብኝ። የምልከው በመሥሪያ ቤትሽ አድራሻ ስለሆነ ፖስታው ላይ የላኪ ስም አልጻፍሁም። ሰው አይቶ እንዳይጠይቅሽ ብዬ ነው።

እኛ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ተነሥተን አዲሱ ሰፈር ከገባን ቆየን። ነፋስ ይበዛዋል፤ ቆርቆሮው ሌት ተቀን ይንኳኳል። ለኪዳን ለመድረስ ከዶሮ ጩኸት በፊት መነሣት አለብኝ። የሌላው ሰው ቤት ፈረሰ። የእኛ ክብ የድንጋይ ቤት ግን ቅርስ ነው ተብሎ ሳይፈርስ ቀረ። ሰው ወጣ፣ ቤቱ ቀረ። አንቺን የወለድሁበትን፣ የአባትሽ ሬሳ የወጣበትን፣ ጠላ ጠምቄ አንቺን ያስተማርሁበትን ቤት አሁን እንግዳ ነው የሚጎበኘው።

ድመት ግን ተነሥ ሲሉት አይነሣም። ሰዉ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ሲወጣ ድመቶቹ እዚያው ቀሩ። ለኪዳን ስወርድ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠው፣ በሩ የነበረበትን እያሸተቱ ሲጮሁ አገኛቸው ነበር። አንዷን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዣት መጣሁ። ተመልሳ ሄደች። ደግሜ አመጣኋት። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ እንዲህ እያለ ቤቱ ሞላ። ዓይኑ የጠፋ አለ፣ ውሻ የነከሰው አለ፣ ሜዳ ላይ የተወለደ አለ። አገግመው ሲጠነክሩ አይጥ ላስመረረው ባላገር እሰጣቸዋለሁ። የገነተ ማርያሙ ገበሬ አዝመራው ቅዳሜ ገበያ በመጣ ቁጥር በሬን ሳያንኳኳ አይሄድም። አሳድጎ መስጠትን ለምጄዋለሁ፤ የሰጡት ደግሞ ዞሮ እንደማያይ አውቃለሁ።

ስሜም ተቀየረ። ወለተ ሐና የሚሉኝ የነፍስ አባቴ አባ ገብረመስቀል ብቻ ናቸው። ለሌላው የድመቷ ሴትዮ ነኝ። ድሮ ጠላ ሻጯ ሲሉኝ አንገትሽን ትደፊ ነበር። ትምህርት ቤት የጠላ ቤት ልጅ ብለው ሲሰድቡሽ እያለቀስሽ መጥተሽ ከእኔ ጋር ሳትነጋገሪ ታድሪ ነበር። ሥራ እንደያዝሽ ተይው አልሽኝ፣ ተውሁት። ጋኖቹን ጎረቤታችን አመተ ጊዮርጊስ ወሰደቻቸው። እንግዲህ ያሳፈረሽ እሱ ከሆነ እሱ ቀርቷል።

የገናን ነገር ልንገርሽ።

የገና ለት ጠዋት ደወልሽልኝ። ልመጣ አስቤ ነበር፣ ሥራ ያዘኝ፣ ለፋሲካ እግዜር ያውቃል አልሽኝ። ከድምፅሽ ኋላ ከበሮና እልልታ ይሰማኝ ነበር። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅሽ ቴሌቪዥን ነው አልሽኝ። አመንሁሽ። በእኔም ቤት ከታች በድምፅ ማጉያው ያው ከበሮ ይሰማ ነበር። ልጄ አዲስ አበባ ተቀምጣ የአገሯን በዓል ታያለች ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት አንዲት የከተማ ልጅ ሹራቧን አውልቃ፣ በሹራቡ አንድ ነገር አቅፋ ቆማለች። ሹራቡ ደም በደም ሆኗል። የድመቷ እማማ እርስዎ ነዎት ወይ አለችኝ። ከታች መንገድ ላይ መኪና ግልገል ድመት ገጭቶ ሲሄድ አይታ፣ ሰዉ እያለፈ ሲሄድ እሷ አንሥታ፣ ምን ላድርጋት እያለች ስትጠይቅ ወደ እኔ ጠቆሟት። አገሩን አታውቀውም፤ ጠይቃ ጠይቃ ነው ዳገቱን የወጣችው።

የኋላ እግሯ ተሰብሯል። ልጅቱ ይዛልኝ፣ እኔ በቀርክሃ ስንጥር አስሬ አስተኛናት። ስሟን ጠየቅኋት፣ ሂንድ አለችኝ፤ የደሴ ልጅ ናት። እስላም መሆኗን ሳውቅ የገናውን ወጥ ማቅረብ አልቻልሁም፤ ቆሎና ማር ሰጠኋት። አልተጠየፈችም። መደቡ ላይ ድመቶቹ መሀል ቁጭ ብላ እየበላች፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ለጉብኝት እንደወጣች አጫወተችኝ። ፎቶ ላሳይዎት ብላ ካሜራዋን አወጣች። ከኋላው ትንሽ መስታወት አለው፤ እየተጫነችው ያሳየኛል።

ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ሆናችሁ። ጎንደር ግንቡ ሥር ሆናችሁ። ፀሐይ ዓይን ውስጥ ስለገባች ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንዷ ግን ጥቁር መነጽር አድርጋለችና አልለየኋትም። ቀጥሎ የእኛው ላሊበላ መጣ። መጀመሪያ ቤቱን ነው ያወቅሁት። ቤታችን ነው። በሩ ላይ ልጆች ተደግፈው ይስቃሉ፤ መሀላቸው መነጽሯን ጠጉሯ ላይ የሰቀለችው አንቺ ነሽ።

ልጄ፣ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልሽም። አልጮህሁም። ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«እቺ ማን ናት?»

«አይኒ ናት፣ አንድ ክፍል ነው የምንሠራው። እራሷን አሟት ሆቴል ቀረች እንጂ ይዣት እመጣ ነበር። ድመትም ትፈራለች መሰለኝ።»

ድመት ትፈራለች አለችኝ። ሕፃን ሆነሽ ድመት ካላቀፍሽ እንቅልፍ የማይወስድሽ አንቺን።

«የየት አገር ልጅ ናት?»

«የአዲስ አበባ። ታሳዝናለች እማማ፤ እናትም አባትም የላትም። አክስት ናት ያሳደገቻት።»

ከዚያ ካሜራውን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ቤቱን ዙሪያውን አየችና፣ «እርስዎስ ልጅ አለዎት?» አለችኝ።

«የለኝም» አልኋት።

አዎ፣ እንዲህ አልሁ። አለኝ ብዬ ስምሽን ብጠራ ጓደኛሽ ፊት ምን ትሆኝ ነበር? ስለዚህ የለኝም አልሁ። ልጅቱ ዓይኗ እንባ አዘለ፣ ጉልበቴን ስማ፣ ከድመቷ ጋር ፎቶ አንሥታኝ ሄደች።

ያን ቀን ቤቱን ጠረግሁ። ገመዱ ላይ ያለውን ልብስ አነሣሁ፣ ድመቶቹን ወደ ጓሮ አስወጣሁ። ለጓደኞቿ ዋሸች እንጂ ለእኔስ ትመጣለች አልሁ። ራሷን ያመማት ልትመጣ ፈልጋ ነው፤ እነሱን ሸኝታ፣ ነጠላ ተከናንባ፣ ማንም ሳያውቃት ብቅ ትላለች አልሁ። እንደ ሌባም ቢሆን ትምጣ አልሁ። ለአንቺ ድርሻ ያስቀመጥሁትን ዶሮ አሞቅሁት። ቀዘቀዘ። ደግሜ አሞቅሁት። ፀሐይ ጠልቃ አመተ ጊዮርጊስ በሯን ስትዘጋ ሰማሁና እኔም ዘጋሁ። ሥጋውን አጥቤ ለድመቶቹ ሰጠኋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እግሬ ሂንድ አርፈንበታል ወዳለችኝ ሆቴል ወሰደኝ። ላሳፍርሽ አልነበረም። ላይሽ ብቻ ነበር፤ ቀጥነሽ እንደሆነ፣ ወፍረሽ እንደሆነ። ማዶ ጧፍና መቁጠሪያ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ቆምሁ። ሚኒባሱ ቆሟል፣ ሻንጣ ይጫናል። አንቺ መስኮቱ ጥግ ተቀምጠሻል። ሂንድ አየችኝና በመስኮቱ ብቅ ብላ «የድመቷ እማማ!» ብላ ተጣራች። ሁላችሁም ዞራችሁ። ሁሉም እጃቸውን አነሡ።

ዓይኔ ገና ደህና ነው፣ ዓይናዲስ። አይተሽኛል። መጀመሪያ ፊትሽ አመድ መሰለ። ከዚያ መነጽርሽን ከጠጉርሽ አውርደሽ ዓይንሽ ላይ አደረግሽው። ከዚያ አንቺም እጅሽን አነሣሽ፤ ለማያውቁት ሰው ከመኪና ላይ እንደሚነሣው አድርገሽ። እኔም አነሣሁልሽ። ምን ላድርግ? መኪናው ወደ አውሮፕላን ጣቢያው መንገድ ሲታጠፍ መቁጠሪያ ሻጯ «ዘመዶችሽ ናቸው?» አለችኝ። እንግዶች ናቸው አልኋት።

በዚህ አበቃ ብዬ ነበር። ትዋሽ፣ ያስደስታት፣ በሕይወት መኖሯን አይቻለሁ ብዬ ዝም ልል ነበር። በጥር መጨረሻ ግን ሂንድ ፎቶዎቹን አሳጥባ በሾፌር እጅ ላከችልኝ። እኔና ድመቷ ያለንበት አለ። ጀልባው፣ ግንቡ፣ ቤታችንም አለ። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች መሀል አንዷ የእኔ መሆኗን ሳታውቅ ልጄን ላከችልኝ። ከተመረቅሽ ወዲህ ያለ ፎቶሽ የለኝምና ከአባትሽ ፎቶ ጎን ሰካሁት። ብልጠት አልነበረም። አመተ ጊዮርጊስ ገብታ አየችው።

«ዓይናዲስ መጥታ ነበር እንዴ? ይሄ የድሮው ቤታችሁ በር አይደለም?»

መጥታ ነበር አልኋት። አንድ ቀን አድራ ሄደች፣ ተቻኩላ ነው፣ ለገና ነበር አልሁ። ምን እንዳበላሁሽ ሳይቀር ተናገርሁ። ጡቷን ያጠባችሽ ሴት ናት፤ ሳትስመኝ ሄደች ብላ ቅር አላት፤ እስካሁንም አልሻረላትም። እኔም ያንን ሁሉ ስናገር፣ መጥተሽ መደቡ ላይ የተቀመጥሽ፣ የበላሽ፣ የሳቅሽ እየመሰለኝ ነበር። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ውሸቱን ወደድሁት።

ሄጄ ለአባ ገብረመስቀል ተናገርሁ። ለአንዷ ልጅ የለኝም አልሁ፣ ለሌላዋ ልጄ መጥታ ጠየቀችኝ አልሁ አልኋቸው። ቀኖና ሰጡኝ፣ ስግደቱን እየሰገድሁ ነው። ከዚያ፣ «ወለተ ሐና፣ ያለፈውን እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፤ ሦስተኛ ግን አትዋሺላት። እያገዝሻት አይደለም፣ እየቀበርሻት ነው» አሉኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ሂንድ ከፎቶው ጋር በላከችው ወረቀት ለፋሲካ ተመልሳ እንደምትመጣ ጽፋልኛለች። ድመቷን ማየት ትፈልጋለች፤ ያን ጊዜ አይኒንም እየጎተትሁ አመጣታለሁ ብላለች። የድመቷ እግር ተጣሞ ነው የዳነው፣ ግን ትሮጣለች። አዝመራው ቢጠይቀኝም የሰው አደራ ናት ብዬ አልሰጠሁትም።

እንግዲህ እስከ ፋሲካ ጊዜ አለሽ። ለሂንድ ራስሽ ንገሪያት። እኔ ሮጬ አልነግራትም፤ መደቡ ላይ ተቀምጣ እንደገና ልጅ አለዎት ወይ ካለችኝ ግን አለኝ እላለሁ። የት ናት ካለችኝም ስምሽን እጠራለሁ። አጠገቧ ተቀምጠሽ ቢሆንም እጠራለሁ።

እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች ብትያት ምን የምትሆኚ ይመስልሻል? ልጅቱ ከመንገድ ላይ ደም የለበሰ ድመት አንሥታ በሹራቧ ያቀፈች ናት። አንቺን ትጠየፋለች? እሷን ሳያት የማን እናት አሳደገቻት ብዬ ቀናሁ። ይህንን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን ጻፍሁት፣ አልሰርዘውም።

ያኔ ያልመጣሽው ቤቱ ጠፍቶሽ ይሆናል ብዬም አስቤ ነበር። ከተነሣን ወዲህ አላየሽውማ። ከገበያው በላይ ባለው ጥርጊያ መንገድ ዳገቱን ውጪ። የውኃ ቦኖውን ስታልፊ በግራ በኩል ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የተጫነበት ቤት ነው፤ አጥር የለውም። ቢጠፋሽ የድመቷን ሴትዮ ብለሽ ጠይቂ። ሂንድ እንደዚያ ብላ ነው ያገኘችው።

የአባትሽ አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እንጀራሽን ያብዛልሽ፣ የወለድሽው አይካድሽ። በወጣሽበት በር በሰላም ተመለሺ።

እናትሽ
ወለተ ሐና