ነዳጁን ማን ዘጋው?

ሰኞ

አንገፈገፈኝ! ሰልፉ ከማደያው በር እስከ አደባባዩ ደርሷል፤ ጩኸቱ ሁሉ ግን እኔ ቀጂዋ ላይ ነው። አንዱ ባለታክሲ "እናንተ ናችሁ የምትደብቁት!" አለኝ። "አዎ፣ ቀሚሴ ስር ነው" አልኩት። ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ ገላመጠኝ። ይገላምጥ!

ምሳ ላይ ደብተሬን ለራሕማ ሰጠኋት። ራሕማ ሦስት ቁጥር ማሽን ላይ የምትቀዳ የስልጤ ልጅ ናት። ልብ ወለዴን የምታነብልኝ እሷ ብቻ ናት። ታሪኩ በ1928 ጣሊያን ሲወረን ነው። ያኔ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው ጣሊያንን ይህን አትሽጥ፣ ያንን አትግዛ አሉት። ነዳጁ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም። ዝም! ካሚዮኑም አውሮፕላኑም በዚያው ነዳጅ መጣብን። በእኔ ደብተር ግን ነዳጁ ይዘጋል፤ ካሚዮኑ ሁሉ መንገድ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

አንብባ ስትጨርስ "ማነው የዘጋው?" አለችኝ።

"ዓለም ነዋ።"

"ዓለም የሚባል ሰው የለም። ተነስቶ 'ይዘጋ' የሚል ሰው አምጪ።"

ተናደድኩ። እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ማክሰኞ

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ራሕማ ዙሁር ልትሰግድ ስትሄድ ማሽኗን እኔ እይዝላታለሁ። በአቦ ቀን እኔ ሳሪስ ስሳለም እሷ ትይዝልኛለች። ማሽን ጥሎ መሄድ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አንልም።

ዛሬም ይዤላት ነበር። የዕድር ድንኳንና ወንበር የጫነ መኪና ገባ። ሹፌሩ ጋሽ ታደሰ ስልክ እያወሩ "ሙሉ አድርጉት" አሉኝ። እጄ ማሽኑ ላይ ነው፣ ልቤ 1928 ላይ። ያን ተነስቶ የሚናገር ሰውዬ እየፈለግኩ ነበር። ናፍጣ ለሚጠጣ መኪና ቤንዚን ሞላሁ!

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ታደሰ በእግራቸው ተመለሱ፣ ላብ በላብ ሆነው። "ቤንዚን ሞላችሁብኝ! መኪናው ዳገቱ ላይ ቆሟል። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ የት ይረፍ?"

ማን እንደቀዳላቸው አላዩም። ሥራ አስኪያጁ "ሦስት ቁጥር የማን ነው?" አለ።

ራሕማ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ረቡዕ

ራሕማ ታግዳለች። ዓርብ ይወሰናል፤ ትባረራለች ነው የሚሉት። ስሰግድ ነበር ብትል ማሽን ጥላ ሄደች ይሏታል። ዝም ብትል ደግሞ ሞተር አበላሸች። ስደውል አታነሳም።

ለራሴ የሰጠሁት ሰበብ፦ ልጆቼ። የቤት ኪራይ። ያ የተረገመ ሰልፍ አናቴን አዙሮት ነበር። እሷ ገና ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም።

የመጨረሻዋን ስጽፍ እጄን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝ። እናቷን የምታስተዳድረው እሷ መሆኗን እያወቅኩ!

ደብተሩን ገለጥኩ። እነዚያን ዝም ያሉ መንግሥታት የሰደብኩበት ሁለት ሙሉ ገጽ አለ። ማንበብ አቃተኝ።

ሐሙስ

ጭራሽ ሦስት ቁጥር ላይ መደቡኝ! ሥራ አስኪያጁ "አንቺ እንኳን ጠንቃቃ ነሽ" አለኝ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ኮዬ ፈጬ፣ ራሕማ ቤት ሄድኩ። እናትየው ምንም አልሰሙም። ቆጮ አቅርበው "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ስላንቺ አውርታ አትጠግብም" አሉኝ። አንዴ ጎርሼ ተነሳሁ። በር ላይ ስትሸኘኝ ራሕማን ጠየቅኳት፦ "ለምን ስሜን አልጠራሽም?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ" አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ቢሮ ውስጥ ሰበሰቡን። ጋሽ ታደሰም መጥተዋል። ሥራ አስኪያጁ የስንብቱን ደብዳቤ ማንበብ ሲጀምር ተነሳሁ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ሁለተኛ ስለው ጮህኩ፦ "ቤንዚኑን የቀዳሁት እኔ ነኝ!"

"ራሕማስ የት ሄዳ ነበር?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ልትሰግድ። እርስዎ ምሳ ላይ ሆነው።"

ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩኝ። "ሰው ይሳሳታል። ድንኳኑንም የሰፈሩ ጎረምሶች በትከሻቸው አደረሱት። ግን አንቺ ልጅ፣ ማክሰኞ ብትናገሪው ምን ነበረበት?"

በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ራሕማ በማስጠንቀቂያ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። እኔ ታግጃለሁ፤ ልባረር ልመለስ ገና አልታወቀም። ስወጣ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ መኪናው ዞረች።

ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ሰውዬው በስብሰባው መሀል ይነሳል፣ "ነዳጁ ይዘጋ!" ይላል። ነዳጁም ይዘጋል። ግን ዘግይቶ ነው የተነሳው፤ ግማሹ ካሚዮን ተራራውን ተሻግሯል።

ራሕማ ታንብበው አታንብበው አላውቅም።