ላምባ የነካው ጠርሙስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

አልለቅ አለ። ወረቀቱ በሙቅ ውሃ ተላጠ፤ ሙጫው ግን ጠርሙሱ ላይ ቀረ። በአመድ ፈተግሁት፤ በአሸዋ ፈተግሁት፤ በቢላ ፋቅሁት። አቧራ እየያዘ ጭራሽ ጠቆረ። ጎረቤቴን እማማ ብርቄን ሆዳቸውን ካመማቸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ጠበል ላመጣላቸው ቃል ገብቻለሁ። ቤቴ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ደግሞ የኮኛክ ነው። የመጠጥ ስም የተለጠፈበት ይዤ ካህን ፊት መቆም አሳፈረኝ።

ማክሰኞ

አብሮኝ ቢሮ የሚጽፈው አያሌው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ላምባ እያለ በቢላ? በጨርቅ ነክረው አሸት ማድረግ ነው እንጂ!»

እውነቱን ነው። አንዴ ባሸው ሙጫው ሟሟ። ጠርሙሱን ደጋግሜ አጠብሁት። ቡሹ ስለጠፋ አፉን በቁራጭ ጨርቅ ወተፍሁት። ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ጠበሉን አመጣሁ። እማማ ብርቄ ተጎነጩና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሸታል።»

«የሚሸትዎትማ ያደረብዎት መንፈስ ነው!» አለች አንዷ ጎረቤት። «ይጨርሱት!»

ጨረሱት። ወዲያው አስመለሳቸው። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። «ለቀቃቸው!» ልጃቸው ወርቄ እጄን ሳመችኝ። ነገ ሐኪም ቤት ልትወስዳቸው ነበር፤ «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ብላ ተወችው።

ቤቴ ገብቼ መወተፊያውን አሸተትሁ። ላምባ። ጠርሙሱን ካሸሁበት ጨርቅ ላይ ነው የቀደድሁት።

ሐሙስ

ሁለት ሴቶች መጡ፦ «ከዚያው ጠበል ለእኛም።» አልቋል አልኋቸው። እማማ ብርቄ ሲያቃስቱ በግድግዳው በኩል ይሰማል። ወርቄ «ሲወጣ ነው የሚያምመው» ትላለች። ይህን እንድታምን የተውኋት እኔ ነኝ። ልነግራት ሁለት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ተመለስሁ።

ዓርብ

ለወርቄ ነገርኋት።

«እናቴን ላምባ አጠጥተው፣ እልል ስንል ቆመው ያዩናል?»

ጋሪ ጠራሁ።

ሐኪሙ ምን እንደጠጡ ሲጠይቅ፣ ወርቄ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ።

«ላምባ» አልሁ። «ጠበሉ ውስጥ ገብቶ። በእኔ ስሕተት።»

አንዱ ሳቀ። ሐኪሙ አልሳቀም። የቀድሞውም ሕመም ሳይታይ ብዙ ቆይቷል ብሎ አስተኛቸው። ሲያስገቧቸው እማማ ብርቄ ዞረው አዩኝ።

«አንተ፣ እህል ቀምሰሃል?»

«አልቀመስሁም።»

«ሂድ ቅመስ።»

ይቅር ማለታቸው ይሁን ከፊቴ ጥፋ ማለታቸው አልገባኝም። አልሄድሁም። ይህን የምጽፈው ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው።