ስልሳ ሰባት ተኩል

ጥቅምት 6
…ከፊት አንደኛ። መምህሩ በቁመት ሲያሰልፈን ሁልጊዜ ከፊት እኔ ነበርኩ። ከኋላዬ የምትቆመው ልጅ አገጯን አናቴ ላይ ታሳርፍ ነበር። ማን ነበር ስሟ? ዛሬ ለምን ትዝ አለችኝ… በልጄ የእድገት ካርድ ምክንያት ይሆናል።
ሚጢጢን ጤና ጣቢያ ለክትትል ወሰድኳት። ስምንት ወር ሞላት። ሲስተር የእንጨት ሰሌዳው ላይ አስተኝታ ለካቻት። ስልሳ አምስት ሴንቲ። ካርዱ ላይ ነጥብ አደረገች።
«አምስተኛው መስመር ላይ ናት።»
«ከስንት?»
«ከመቶ።»
ሌላ እናት ገባች፤ እኔ ወጣሁ። አምስት ከመቶ። እኔ እንኳ በሒሳብ እንዲህ ወድቄ አላውቅም።
ከሰዓት በኋላ የሁለት ቀሚስ ጠርዝ ጨረስኩ። አማቴ ልጅቷን ይዘውልኝ ዋሉ።

ኅዳር 5
ጉንፋን ይዟታል። የዚህ ወር ክትትል ቀረ። ግን አላስቻለኝም፤ ራሴ ለካኋት። አልጋው ላይ፣ ደንበኛ እንደምለካው በጥንቃቄ። ሜትሩን ከአናቷ ጀምሬ በማጅራቷ፣ በጀርባዋ፣ በመቀመጫዋ አድርጌ እስከ ተረከዟ አወረድኩት።
ስልሳ ሰባት ተኩል!
ደግሜ ለካሁ። ያው። በሰማያዊ እስክሪብቶ ካርዱ ላይ ነጥቧን አደረግሁላት። ከአምስተኛው መስመር ወደ አሥራ አምስተኛው ወጥታለች። አባቷ ከሥራ ሲገባ አሳየሁት።
«ጎሽ! በእኔ አልወጣችም ማለት ነው» አለ። የተዋወቅነው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነው። እስከ ዛሬ አሳጥርለታለሁ።

ታኅሣሥ 7
ስልሳ ሰባት ተኩል።
ዛሬም። ሲስተር ናት የለካቻት። ወር ሙሉ አንዲት ፀጉር አልጨመረችም።
ኮሪደሩ እናቶች በእናቶች ነው። ሲስተር ነጥቦቹን በጣቷ ተከተለች፣ ቅንድቧ ተሰበሰበ። «ቁመቷ ቆሟል። ክብደቷ ደህና ነው፣ ግን… በሁለት ሳምንት ተመለሺ። ምናልባት ደም ወስደን እንመረምራለን።»
ሰማያዊው ነጥብ የእኔ ነው አላልኩም። ለምን አላልኩም? እሷ ካልጠየቀችኝ… ደግሞስ ምን ለውጥ አለው? አሥራ አምስት ዓመት ሰው ያለበስኩበት ሜትር ነው፤ ዋሽቶኝ አያውቅም።
ልጄ ማደግ አቆመች።

ታኅሣሥ 10
በየሁለት ሰዓቱ አበላታለሁ። ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል። መስፊያው ላይ ጨርቅ ተቆልሏል።
አማቴ ቀስ ብለው፦ «ወተትሽ ሳይቀጥን አልቀረም፣ ልጄ።»
ክፋት የላቸውም። ግን ሌላ እንቁላል ጣድኩ።
ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሚጢጢ እንዳይላት ብያለሁ። አባቷ «ታዲያ ማን እንበላት?» አለ።

ታኅሣሥ 15
ማንኪያ ስታይ አፏን ግጥም ታደርጋለች። ዛሬ አገጯን ይዤ ከፈትኩት። ተፋችው። ደገምኩ። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። እጄ… የእኔ እጅ ነበር?
አማቴ ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱት። ልጅቷን ታቅፈው ተቀመጡ።
«አባቷ ሦስት ዓመት ሲሞላው ሰው ዕድሜውን ቢጠይቀኝ ‹ሁለት› እል ነበር» አሉኝ። «አራት ሲሞላው ‹ሦስት›። እድገቱ እንዳይታማብኝ። አሁን ራሴም ተምታቶብኛል፤ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እሱን ጠይቂው።»
ሳቅን። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፦
«በገዛ ልጄ አፈርኩበት። አንቺ እንዳትደግሚው።»

ታኅሣሥ 17
ዛሬም አልበላችም። ጡት ስሰጣት እንኳ ፊቷን አዞረችብኝ።

ታኅሣሥ 21
ሦስት መቶ ግራም ቀንሳለች። አሁን እውነተኛ ችግር መጣ።
ሲስተር ለደም ምርመራ ወረቀት መሙላት ጀመረች። እጇን አየሁ፣ የልጄን ክንድ አየሁ… ከአፌ አመለጠኝ።
«ሰማያዊው ነጥብ የእኔ ነው።»
እስክሪብቶዋ ቆመ። «የአንቺ?»
«ቤት ለካኋት። በዚህ።» ሜትሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።
ትቆጣለች ብዬ ነበር። «እስቲ አሳዪኝ» አለች ብቻ። ሜትሩን በልጄ ጀርባ አወረድኩት። ሲስተር አየችኝ፣ አየችኝና…
«ቀሚስ ልትሰፊላት ነው እንዴ?»
ልጅቷን ሰሌዳው ላይ አስተኛቻት። እኔን አናቷን አስያዘችኝ፤ ራሷ የልጅቷን ጉልበት ተጭና ተረከዟን ከሰሌዳው ጠርዝ አስጠጋች። አሁን በሜትሬ ከለካሁት ወደ አንድ ሴንቲ ተኩል ያንሳል። ማጅራቷንና መቀመጫዋን ስዞር የሰበሰብኩት ትርፍ ነው። ለቀሚስ ልክ ነው፤ ለቁመት አይሆንም።
«እንግዲያስ ኅዳር ላይ ስልሳ ስድስት ነበረች፤ አልቆመችም። በአምስተኛው መስመር ላይ ቀጥ ብላ እየሄደች ነው። እኔም መጠየቅ ነበረብኝ፤ የነጥቡ ቀለም እንኳ ሌላ ነው። ቸኩዬ አስደነገጥኩሽ፣ ይቅርታ።»
«አምስት ከመቶ ግን…»
«ፈተና መሰለሽ? መቶ ጤነኛ ልጆች ከአጭር ወደ ረጅም አሰልፊ። አምስተኛዋ ቦታ ላይ አንዷ መቆሟ የግድ ነው። የያዘችውን ቦታ ስትለቅ ነው እኛ የምንደነግጠው።»
«ክብደቷስ?»
ሲስተር አልዋሸችኝም። «እሱ ያሳስበኛል። ምን እያደረግሽ ነው የምታበያት?»
ነገርኳት። አገጯን መያዜን ጭምር።
ወንበሯን ሳበች። «ማስገደዱን ተይው። ለገበታ ስትቀመጡ እሷም አብራ ትቀመጥ። ምግቡን አንቺ አቅርቢ፤ መብላቱን ለእሷ ተዪላት። ጡቱም ይቀጥል። በየሳምንቱ እንመዝናታለን፤ ደሙ ለጊዜው ይቆይ። ክብደቷ ካልተመለሰ ግን እንወስዳለን።»

ታኅሣሥ 29
እራት ላይ እጇን ሰድዳ ከሳህኔ ድንች አነሳች። እንዳላየሁ ሆንኩ። አማቴም አላዩም። አባቷ ጣሪያውን ያያል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ትንፋሻችንን ይዘን፣ ድንች እንዳላየን…
ግማሹን ወለሉ በላው። ግማሹን እሷ።

ጥር 5
መቶ ግራም ጨመረች። ሁለት መቶ ይቀራል። መደሰት እፈራለሁ።

ጥር 12
አማቴ ናቸው የወሰዷት፤ እኔ ልብስ የማስረክብበት ቀን ነበር። እስኪመለሱ አንዱን እጅጌ ሁለቴ ፈታሁት።
ገና ከውጭ፦ «ተመለሰ! ተመለሰና ደግሞ ጨመረ! ደም የሚባል ነገር የለም!»
ቁመቷ አምስተኛው መስመር ላይ ነው። እንደተለመደው። ካርዱን አየሁት፣ አስቀመጥኩት፣ ወደ መስፊያዬ ዞርኩ።
ሚጢጢ እየዳኸች መጣች። (አዎ፣ ሚጢጢ።) በሩን ይዛ ቆመች። ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው… ልነሳ አልኩና ተውኩት። አየችኝ። በሁለት እጇ ገፋችው። በእኔና በእሷ መካከል በሩ ተዘጋ። መክፈቱንም ለእሷ ተውኩላት።